የከሳች ሴት ወጥ

የእናቴ ምግብ ቤት ታፔላ አልነበረውም። ታፔላው እሷ ራሷ ነበረች። ጅጅጋ ውስጥ፣ ወደ ጠረፍ ከተማዋ ቶጎጫሌ የሚሄዱ መኪኖች ከሚጫኑበት ሜዳ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሰፊ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ ከሩቅ ያያት ሾፌር ሁሉ ሆዱ ይጮህበት ነበር። ወፍራም ነበረች፤ ያውም የሚያምር፣ የጠገበ ውፍረት። ክንዷ ሲወዛወዝ፣ የአንገቷ ንቅሳት በሥጋዋ እጥፋት መሃል ገባ ወጣ ሲል ላየ ሰው፣ ይቺ ሴት የምትበላውን በበላሁ ያሰኛል። «ከሲታ ሴት የሠራችው ወጥ አይጥምም» ይባል ነበር በሰፈራችን። እውነት ይሁን ሐሰት ማንም መርምሮ አያውቅም፤ ሁሉም ግን ያምንበት ነበር።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ካራማራ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እናቴ እሱን ተከትላ ከመሃል አገር የመጣችበትን ከተማ ጥላ አልሄደችም። ሐዘኑ እንደወጣ ድስቷን ጣደች፤ እኔንም በዚያ ድስት አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ይህ የማወራው ነገር የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ያኔ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ግን እየሮጥኩ መጥቼ ሽርጤን ታጥቄ አስተናግድ ነበር።

ከጎናችን ድሪያ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤት ነበረችን። እኔ «ኤዶ» እላታለሁ፤ የአባት እህት ማለት ነው በሶማሊኛ። እናቴም እኔን ሰምታ ኤዶ ትላት ጀመር፤ በዕድሜ እኩያዎች ሆነው ሳለ። ኤዶ ከእናቴም ትወፍር ነበር፤ በውፍረቷም የምትኮራ ሴት ናት። «ድሪያ አጥንት ላይ አያምርም» እያለች ነው ልብሷን የምትሸጠው። ልታገባ የደረሰች ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶችን ጨርቁን ከመለካቷ በፊት ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «መጀመሪያ አብሏትና ተመለሱ» ትላቸዋለች። ከእናቴ ጋር ከሰሉን፣ ስኳሩን፣ ሐሜቱን፣ እኔንም ጭምር ይካፈላሉ። የማይካፈሉት ሥጋ ብቻ ነው። የእኛ በእኛ ይታረዳል፣ የእነሱ በእነሱ። በአረፋ ኤዶ ከበጎቿ አንዱን በቁሙ ትልክልናለች፣ በፋሲካ እናቴ በቁሙ ትመልሳለች፤ በጉ ወደየቤቱ ሄዶ እንደየቤቱ ይባረካል። ማንም አይቀየምም።

እናቴ ውኃ አልጠግብ ብላ፣ ሽንት ቤት እየተመላለሰች ቀን ከቀን ስትደክም፣ ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በትሕትና ነው የሚናገረው። «እናቴ፣ ስኳር አለብዎት» አላት። «ኪኒን እሰጥዎታለሁ፤ ግን ክብደት መቀነስ አለብዎት።» ቤት ስንደርስ እናቴ ለኤዶ፣ «ያ ልጅ ክሺ አለኝ» ብላ ነገረቻት፤ ልክ እንደረገማት። ኤዶም ደረቷን ይዛ «አዑዙ ቢላህ!» አለች። እኛ ሰፈር «ክሳ» የሚባለው ለጠላት ነበር።

ታመምኩ በሉ እንጂ ሐኪም የትም አለ። በማግስቱ ምሳ የሚበላው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ነጋዴ፣ «ስኳር ጣፋጭ አይደል? መራራ ይገድለዋል» አለ። እናቴ ይህ ነገር ልክ መስሎ ታያት። ግራዋ ቀጥቅጣ ውኃውን በየጠዋቱ ፊቷን አጨማዳ ትጠጣ ጀመር። ችግሩ ግራዋውን ከጠጣች በኋላ ልቧ ይደፍራል፤ «እሱ ይገድለዋል» ብላ እንጀራ ትደርባለች። ሌላው ደግሞ «ማር ስኳር አይደለም፣ ንብ የሠራችው መድኃኒት ነው» አላት፤ ያንንማ ሁለቴ እንዲነግራት አላስፈለገም። ኤዶ በበኩሏ ቴምር የተባረከ ነውና አይጎዳም አለች። ያ ሁሉ የተባረከ ነገር አንድ ሆድ ውስጥ ገባ።

እኔ እናደድ ነበር። ተፈጥሮዬም ቶሎ የምናደድ ነኝ። «እማዬ፣ ሐኪሙ ማር ብዪ አለሽ?» ስላት፣ «አትብዪም አላለኝም» ትላለች። ሎሚ በሙቅ ውኃ ጨምቃ በባዶ ሆዷ ስትጠጣ አገኘኋት። ምን ሊሠራልሽ ብላት፣ «ሎሚ ቅባት የያዘው ሳህን ሲያጸዳ አላየሽም? ሆድስ ሳህን አይደል?» አለችኝ። ሩዝና ፓስታም ነጭ ስለሆኑ ቀላል ናቸው፣ የሚያወፍረው እንጀራ ነው ብላ ደምድማ ነበር። ስለዚህ እንጀራ በቀነሰችበት ቀን የኤዶን ቤት ሩዝ፣ ያውም ሙዝ ተቆርጦበት፣ ሳህን ሙሉ ትበላለች። ሩዙን ሥጋ ሳይነካው ለብቻ የምትቀቅልላት ኤዶ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ «ብዪ፣ ምን ትለቃቅሚያለሽ» ትላታለች።

ከሁሉም የማይረሳኝ የላስቲኩ ነገር ነው። ከቶጎጫሌ የሚመጣ ዕቃ የሚጠቀለልበት ወፍራም ላስቲክ አለ፤ እሱን አንድ ደላላ ሆድሽ ላይ ጠቅልለሽ እሳት ዳር ቁሚ፣ ስቡ ይቀልጣል ብሎ መከራት። ጠቀለለች። ከላዩ ቀሚሷን ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት፣ በሦስት የከሰል ምድጃ መሃል ቆማ ዋለች። ስትንቀሳቀስ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ትሰጣለች፤ ደንበኛው እርስ በርሱ ይተያያል። ማምሻውን ፈትታ ውስጥ ልብሷን ጨምቃ አሳየችኝ።

«ይኸው ቀለጠ» አለች፤ ፊቷ በርቷል።

«እማዬ ላብ ነው እኮ፣ ስብ አይደለም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ቅልጥም እሳት ሲያገኘው ሲወርድ አላየሽም?»

ከዚያ ጉሮሮዋ ደርቆ ስለነበር ሁለት ለስላሳ አከታትላ ጠጣች። እኔ ሳቅሁም፣ ላለቅስም ደረስኩ። አሁን ሳስበው አልፈርድባትም። ሴትየዋ ሰነፍ አልነበረችም፤ ያዘዟትን ሁሉ አድርጋለች። ያንን ሁሉ መራራ የጠጣች፣ ያንን ሁሉ ሙቀት የቻለች ሴት ሰነፍ ልትባል አትችልም። ያጣችው ብርታት አይደለም፤ ብርታቷን የምታውልበትን ቦታ ነው እንጂ።

አንድ ሾፌር ደንበኛዋ ደግሞ አዝኖላት ከቶጎጫሌ በባትሪ የሚንቀጠቀጥ ቀበቶ አመጣላት። ሆድ ላይ ይታጠቁታል፣ እየተንቀጠቀጠ ቦርጭ ያጠፋል ይባላል። እናቴ ታጥቃው ዱካዋ ላይ ቁጭ ትልና ድርሻዋን በሰላም ትበላለች። «እሱ እየሠራልኝ ነው» ትላለች። ባትሪው ሲያልቅ ለቀበቶው ታዝንለት ነበር፤ ደከመው ብላ።

ጾሙ ሲገባም ተስፋ አደረግሁ። ጾም ያከሳል ይባላል፤ እሷም ታምን ነበር። ግን ጾማችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ፣ ዘይት የጠጣ ሽሮ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲፈታ የቀሚሷን ጎን ፈትቼ ያሰፋሁላት እኔ ነኝ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው በአንዲት ጠጠር ነው። ለብዙ ዓመት ከእኛ ዘንድ ምሳውን የሚበላ መነጽር የሚያደርግ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። አንድ ዓርብ በየዓይነቱ አዝዞ ሲበላ ጥርሱ ጠጠር ላይ ቋ አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ አልተናገረም። በጣቱ አውጥቶ የሳህኑ ዳር ላይ አስቀመጣትና መብላቱን ቀጠለ። እናቴ ግን ከጓዳ በር ላይ ሆና አይታዋለች። ምስሩን የለቀመችው እሷ ራሷ ነበረች፤ ለሰው አትሰጥም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያልተቀቀለውን ምስር ሰፌድ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃን ወጣች፤ አዘቀዘቀችው፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው።

«ለቅሜው ነበር እኮ» አለችኝ። «ያየሁ መስሎኝ ነበር።»

እናቴ ፈርታ ያየኋት ያኔ ነው። እኔም ፈራሁ። ወጥ ሠሪ እግሯን ብታጣ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ዓይኗን ካጣች ግን ምን ትሆናለች?

ሐኪሙ ዓይኗን አስመርምሮ እውነቱን ነገራት። ስኳሩ ካልወረደ ዓይንዎን ይወስደዋል አላት። የሚያድን ቅጠል፣ ቀበቶ፣ ላስቲክ የለም። ኪኒኑን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ከሁሉም ዓይነት ምግብ መጠኑን ማሳነስ፣ ጣፋጩን መተው፣ በየቀኑ መራመድ። «ሌላ የለም?» አለችው። «የለም» አላት። ያን ልጅ በዚያች አጭር መልሱ ወደድኩት። እሷ ግን፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፣ ምን መራመድ ያስፈልገኛል?» ብላ ተከራከረችው። መቆምና መራመድ አንድ አይደለም ብሎ በእርጋታ አስረዳት። አመነችው ማለት ሳይሆን ጠጠሯ ከአእምሮዋ አልወጣ ስላለች ታዘዘችው።

የእኔን ሸራ ጫማ አድርጋ ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋሱ አቧራውን ማንሣት ሳይጀምር፣ የቶጎጫሌን መንገድ ይዘን እንወጣ ጀመር። ጅጅጋ ውስጥ ያለ ጉዳይ የምትራመድ ትልቅ ሴት ታይታ አትታወቅም። ባለጋሪው አጠገባችን ሲደርስ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣ «እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?» ይላል። በጠዋት እንዲህ የሚጣደፍ ሰው መርዶ የሰማ ነው። እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ አፍራ፣ «አንድ ዘመድ ታሞ» ትል ነበር። በኋላ ሲሰለቻት፣ «ውፍረቴ ሊሞት ነው፣ ልቀብረው እየሄድኩ ነው» ማለት ጀመረች። ባለጋሪው አልሳቀም፤ ጭራሽ አዘነላት። ኤዶማ ልትታረቀን አልቻለችም። «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይወፍራል፣ አንቺ በነጻ ትከሻለሽ!» ትላት ነበር።

ወራት አልፈው እናቴ ቀነሰች። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር በራሷ አሰረች። ሌሊት ለሽንት መነሣት ተወች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሰፌዱ ላይ ጤፍ የምታክል ጠጠር ለቅማ በመዳፏ ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ «ተመልከች፣ አየኋት!» ብላ። ወርቅ እንዳገኘ ሰው ነበር ፊቷ። እኔም እጇን ይዤ ጠጠሯን ሳምኳት፤ እንዲህ ሞኝ ሆነን ነበር በደስታ።

ታፔላችን ግን ወረደ።

በመጀመሪያ «ምነው ከሳሽ?» ነበር። ቀጥሎ ጥያቄው ቀረ፤ ጥያቄ ሲቀር ነው የሚያስፈራው። ያ ዘመን ሰው ከከሳ ስሙ የማይጠራው በሽታ ነው የሚባልበት ዘመን ነው። «እሱ በሽታ» ይሉታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ በራዲዮ ይነገራል፤ ሰው ይሰማል፣ ራሱንም ይነቀንቃል፣ ሳህኑን ግን ይሸሻል። አንዱ ብርጭቆውን ደግሜ እንዳጥብለት ጠየቀኝ። ሌላው ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። ባለ መነጽሩ ደንበኛችን፣ ጠጠር ነክሶ ዝም ያለው ጨዋ ሰው፣ «ጨጓራዬን አሞኛል» ብሎ ቀረ፤ በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ጥብስ ሲበላ አየሁት። ውሻ እንኳን በበላበት ይጮኻል። ሰው ግን ይፈራል፣ ፍርሃት ደግሞ ውለታ አያውቅም። ዛሬ ልቤ ይህን ይረዳል፤ ያኔ ግን መንገዱን ተሻግሬ ድስቱን ልደፋበት ነበር የፈለግሁት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከተማው ሁሉ የሚያወራውን እናቴ የሰማችው በመጨረሻ ነው፤ ሰምታም ራሷን ስላሟት አልነበረም ያመማት። አባቴን እንደ ገና ገድለውት ነበር። «ባሏም ሾፌር ነበር እኮ፤ መኪና ተገለበጠ ያሉት ለስሙ ነው» ብለዋል። ይህን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ጭልፋ አስቀመጠችና ጓዳ ገባች። ስትወጣ ከቀሚሷ ሥር ሁለት ሹራብ ለብሳ ነበር። በሙቀቱ ጊዜ፣ ትከሻዋ እንዲሞላ።

ኤዶም ታያት ነበር። ሹራቡን ኤዶ ካላየችው ማን ያየዋል? ልብስ ሻጭ ናት። ዘመዷ ቶጎጫሌ መድኃኒት ይነግዳል፤ ለሙሽሮች የሚሸጥ ማወፈሪያ ኪኒን አለ። ካርቶን የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ነው የሚሸጠው። የእህቷ ልጅ ከሠርጓ በፊት ውጣው አምሮባታል። ኤዶ ያንን ቋጠሮ ለእናቴ አመጣችላት። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። ያመጣችው በክፋት አልነበረም፤ የጓደኛዋን ቤት ባዶ ወንበር ማየት አቅቷት ነው። እናቴም የዋጠችው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ዓይኗን ለማዳን ከሳች፣ ቤቷን ለማዳን ደግሞ መወፈር ነበረባት፤ ሁለቱም በአንድ ገላ ሊሆኑ አልቻሉም።

ጉንጯ ቶሎ ተመለሰ። ክብ፣ የተወጠረ፣ የሚያብረቀርቅ ጉንጭ። «እሰይ! አሁን ሰው መሰልሽ!» ይላል የሚያልፈው። ወንበሩ እየሞላ መጣ። እኔ የሐኪሙ ኪኒን ተስማምቷት ነው ብዬ ነበር፤ ቢሆንም ፊቷ ክብ ሲሆን ክንዷና እግሯ እንደቀጠኑ መቅረታቸው ግራ ይገባኝ ነበር። ውኃ መጠጣቱ ተመለሰ። አንድ ቀን ለምሳ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ድስት ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ወደቀች። ወጡ ፈሰሰ፣ ሰው ተንጫጫ። ኤዶ ከሱቋ በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ እኔና እሷ ተሸክመን ጋሪ ላይ ጫንናት።

ሐኪሙ ስኳሯን አይቶ ዓይኑ ፈጠጠ። ምን ወሰዱ አለ። ኤዶ ናት ከድሪያዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ፈትታ ኪኒኑን መዳፉ ላይ ያስቀመጠችለት። ሐኪሙ በጥርጣሬ አገላበጠው። ለሌላ ከባድ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም፣ ስኳርን ሽቅብ ይሰቅላል አለን። «ያ የመጣው ሥጋ አይደለም፣ እናቴ። እብጠት ነው።» ኤዶ ቃሉን በደንብ ሰማችው። ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እኔ ከክፍሉ ስወጣ ግን አልነበረችም።

እናቴ ዳነች። የግራ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጭጋግ ቀረበት። ኪኒኑን ሐኪሙ በሚያውቀው መንገድ ቀስ በቀስ አስጣላት፤ እብጠቱ ወረደ፣ ጉንጯ ወረደ፣ ደንበኛውም አብሮ ወረደ። ኤዶ ሱቋን ከፍታ ትውላለች፣ ወደ እኛ ግን ዞር አትልም። እናቴ በእኔ በኩል፣ «አልሞትኩም፣ ነይ በያት» ብላ ላከችባት። «በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ብላ መለሰችልኝ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከዝንብ በቀር የሚመላለስ ጠፋ። እናቴ ትልቁን ድስት አጥባ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ከዚያም አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ «ቤቱን አስረክበን ወደ አገራችን እንግባ» አለችኝ። «አገራችን» ስትል የትኛውን እንደሆነ ግራ ገባኝ። እኔ ጅጅጋ ነው የተወለድኩት። እሷም ባሏን የቀበረችው እዚሁ ነው። መሥሪያ ቤት ስሄድ ይህንኑ ለኤዶ ነገርኳት፤ ጨርቅ ከማጠፍ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፣ የጾም ቀን፤ ቤታችን ሥጋ የማይጣድበት። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት አራት ሰው ተቀምጧል፤ ሌሎች በር ላይ ቆም ብለው ወደ ውስጥ አይተው ያልፋሉ። ኤዶ ገባች። ሠርግ ላይ የምትለብሰውን ድሪያ ለብሳ፣ ሽቶዋ ቀድሟት። በዚያ ሁሉ ዓመት ከጓዳችን ገብታ ሻይ ጠጥታለች እንጂ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ በልታ አታውቅም፤ የክርስቲያን ምግብ ቤት ነው፣ ወገኖቿ ምን ይላሉ? ያን ቀን ግን ከሜዳው በኩል በደንብ የሚታየውን መሃለኛውን ጠረጴዛ መርጣ ተቀመጠች። ወንበሩ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሽሮ» አለችኝ። «አንድ ሳህን። ለሁለት ሰው።»

ሥጋ በማይነካው ድስት የተሠራውን ሽሮ አቀረብኩ። «እሷን ጥሪያት» አለችኝ። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሹራብ አልለበሰችም ነበር፤ ያው ከሲታዋ እናቴ። ሁለቱ ከሆስፒታሉ ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም። ኤዶ ሰላም አላለቻትም፣ ይቅርታም አልጠየቀቻትም። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችላትና «ተቀመጪ» አለቻት። እናቴ ተቀመጠች። ከአንድ ሳህን መብላት ጀመሩ። ኤዶ ጠቅልላ አጎረሰቻት። እናቴም ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ ኤዶ ጉርሻውን ስትቀበል የእናቴን ጣቶች ጭምር ነው አፏ ውስጥ የከተተችው፤ አላምጣ፣ ውጣ፣ የራሷን ጣቶች ደግሞ አንድ በአንድ ላሰች። የሚያኝክ ሰው አልነበረም። በር ላይ የቆሙትም አልሄዱም።

«ምን ታያላችሁ?» አለች ኤዶ፣ በዚያ የገበያ አማርኛዋ፣ ጮክ ብላ። «ስኳር ነው። ሆስፒታል የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ ሲናገር የሰማሁት እኔ ነኝ። መርዝ ያበላኋትም እኔ ነኝ፤ እናንተ ስትሸሿት እንድትወፍርላችሁ ብዬ። ስኳር ነው፣ ወላሂ።»

እንጀራ ቆረሰች። ልትጎርስ አፏ ካደረሰች በኋላ መልሳ ያዘችው።

«ደግሞ እሱ በሽታ ቢሆንም እበላ ነበር» አለች።

በዚያ ዘመን ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያች ቤት ውስጥ በሽታው ያለበት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ከነበረ ግን ሰምቷል።

ከዚያ ወዲያ የተመለሰው ተመለሰ፣ ያልተመለሰው ቀረ፤ ቤቱን ግን አላስረከብንም። እናቴም ከስታ ኖረች፣ ከስታ ሠራች፣ ሰው ከሲታ ሴት የሠራችውን ወጥ ለመደ። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ያን ቀን እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ እናቴን ነበር የማየው። ለአባቴ ካለቀሰች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። ኤዶ ያንን ስትናገር ጉርሻው ገና እናቴ አፍ ውስጥ ነበር፤ ጉንጯ ወጠር ብሎ፣ ማኘክ አቅቷት፣ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር።

ኤዶ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት።

«መጀመሪያ ዋጪ» አለቻት። «ከዚያ ታለቅሻለሽ።»